ነጥብ መጠን ከሌለው፣ ሰሌዳው ላይ ያለው ምንድን ነው?

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍልዎት ከባሕር ዳር ነው። ጣና ዳር ጀበና ቡና እሸጣለሁ። እናታችን ካረፈች ወዲህ ታናሽ ወንድሜን የማሳድገው እኔ ነኝ። ዘንድሮ 6ኛ ክፍል ነው።

ልጁ ሰነፍ አይደለም። ጠያቂ ነው እንጂ። ከወር በፊት የሂሳብ መምህሩ «ነጥብ ርዝመትም ስፋትም የለውም» ብለው አስተማሩ። እሱ ተነስቶ «ታዲያ ሰሌዳው ላይ ያለው ምንድን ነው? እኔ እያየሁት ነው እኮ» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም «ተቀመጥ፣ አትረብሽ» አሉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሂሳብ ጠላ። ሂሳብ ያለበት ቀን ጠዋት ሆዴን አመመኝ ይላል። የቤት ሥራውን ከጓደኛው ይገለብጣል። ባለፈው ፈተና ከ20 ውስጥ 4 አመጣ።

ማታ ማታ ደግሞ እኔን ይጠይቀኛል። «መስመር ማለቂያ የለውም ካሉ የት ነው የሚሄደው?» ይለኛል። እኔ ከ8ኛ ያቋረጥኩ ሰው ምን ልበለው?

ሁለት ነገር ይንገሩኝ። አስጠኚ ልቀጥርለት? ለእሱ ብዬ ዕቁብ ልገባ ነው። ወይስ እልኸኛ ሆኖ ነው፣ ልቆጣው?

የጀበናዋ፣ ከባሕር ዳር

*

እህቴ የጀበናዋ፣

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። አትቆጪው። ወንድምሽ የጠየቀው ነገር ከ2,000 ዓመት በላይ ትልልቅ ሰዎችን ሲያከራክር የኖረ ነው። ልጆቹም የሳቁት መልሱን አውቀውት አይደለም። እነሱም አያውቁትም። ዕቁቡንም ለጊዜው ቆይ በይው፤ እመለስበታለሁ።

በመምህሩም አልፈርድም። እኔ ራሴ ጡረታ እስክወጣ ሂሳብ ሳስተምር ነው የኖርኩት። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ ይህንኑ ጠየቀችኝ። ደወል ሊደወል አምስት ደቂቃ ቀርቶታል፣ ምዕራፉ አላለቀም። «መጽሐፉ ያለው እሱን ነው፣ ጻፊ» አልኳት። ጻፈች። ከዚያ ወዲያ በእኔ ክፍለ ጊዜ እጇን አውጥታ አታውቅም። ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ የታየችኝ እሷ ናት።

እንግዲህ ወደ ነጥቡ እንግባ።

ዩክሊድ የሚባል ግሪካዊ ነበረ። ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ ግብፅ ውስጥ፣ እስክንድርያ ከተማ ያስተማረ ሰው ነው። የጂኦሜትሪ መጽሐፉ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር «ነጥብ ማለት ክፍል የሌለው ነው» ይላል። ቀጥሎ «መስመር ስፋት የሌለው ርዝመት ነው» ይላል። መምህሩ ያስተማሩት ይህንኑ ነው፤ ስህተት የለባቸውም። ግን አስተውዪ። ዩክሊድ የነገረን ነጥብ ምን እንደሌለው ነው። አንድ ሰው ሊያጋባሽ መጥቶ «ልጁ እንዴት ያለ ነው?» ስትዪው «አይጠጣም፣ አያጨስም» ብሎ ዝም ቢልሽ ይበቃሻል? ታዲያ ምን ያደርጋል ማለትሽ አይቀርም። ወንድምሽም ያለው ይህንኑ ነው።

በ1899 እ.ኤ.አ. ዳቪድ ሂልበርት የሚባል ጀርመናዊ የሂሳብ ሊቅ ሌላ መንገድ ይዞ መጣ። ነጥብ ምንድን ነው፣ መስመር ምንድን ነው የሚለውን ጭራሽ አልተረጎመውም። ይልቅ አንዱ ከሌላው ጋር ያለውን ዝምድና ደነገገ። ለምሳሌ በሁለት ነጥቦች የሚያልፈው ቀጥታ መስመር አንድ ብቻ ነው። በነጥብና በመስመር ፈንታ ጠረጴዛ፣ ወንበርና የቢራ ብርጭቆ ብንል እንኳ ሕጉ እስከተጠበቀ ድረስ ጂኦሜትሪው አይፈርስም ብሏል እየተባለ ይወራል። አንቺ ጋ ቁጭ ብሎ ቢሆን ኖሮ ጀበና፣ ረከቦትና ሲኒ ይል ነበር።

ይህን ሁሉ ለ6ኛ ክፍል ልጅ ማውራት አያስፈልግም። ለእሱ እንዲህ በይው። «ልክ ነህ። ሰሌዳው ላይ ያየኸው የጠመኔ ዱቄት ነው፤ ርዝመትም ስፋትም አለው። ነጥብ የሚባለው ግን ዱቄቱ አይደለም። ዱቄቱ የሚያመለክትህ ቦታ ነው።»

ካላመነሽ ጠዋት አብሮሽ ይምጣ። ከዘጌ በኩል እንጨት የጫነ ታንኳ ሲመጣ ሩቅ ሳለ ነጥብ ነው የሚያክለው። «ታንኳው የት ደረሰ?» ብትዪው በጣቱ ያሳይሻል። ስፋቱ ስንት ነው ብሎ አይጨነቅም፤ የጠየቅሽው ቦታውን ነዋ። ዳር ሲደርስና ወርደሽ እንጨት ስትከራከሪ ግን ታንኳው ርዝመት አለው፣ ስፋት አለው፣ ደንገሉም ውሃ ጠጥቶ ይታያል። ታንኳው ያው ታንኳ ነው። የተለወጠው ጥያቄሽ ነው።

ወይም ስልክሽ ላይ ካርታ ክፈቺና ወደ ኋላ አሳንሺው። ባሕር ዳር ነጥብ ትሆናለች። ዘንባባው፣ ባጃጁ፣ ገበያው፣ አንቺም ከነጀበናሽ እዚያች ነጥብ ውስጥ ናችሁ። «ከባሕር ዳር ጎንደር ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ሲባል ከየትኛው ቀበሌ ነው የሚል ሰው የለም።

መስመሩ ላይ ሦስት ነገር ተደባልቆበት ይመስለኛል። ቤት ሊሠሩ መሠረት የሚቆፍሩ ሰዎች ሁለት ችካል ተክለው ሲባጎ ይወጥራሉ። ሲባጎው እስካልላላ ድረስ በሁለቱ ችካሎች መሃል ሌላ ቀጥ ያለ መንገድ የለም። ሂልበርት በድንጋጌ ያሰፈረውን ግንበኛው በሲባጎ ይሠራበታል። ይህ ከችካል እስከ ችካል ያለው ግን የመስመር ቁራጭ ነው፤ ሁለት ጫፍ አለው፣ በሜትር ይለካል። መብራት ሲጠፋ የስልክሽን ባትሪ ስታበሪ ብርሃኑ ከስልኩ ተነስቶ ወደ ፊት ይሄዳል። መነሻ አለው፣ መድረሻ የለውም። እሱ ጨረር ነው። ሂሳቡም የሚለው ያው ጨረር ነው፤ ለመሸምደድ አያስቸግርም። በሁለቱም በኩል ጫፍ የሌለው ነው እንግዲህ መስመር የሚባለው። ደብተር ላይ ሲሣል ጫፎቹ ላይ ቀስት የሚደረግለትም «ወረቀቱ አለቀ እንጂ እኔስ አላለቅኩም» ለማለት ነው።

«የት ነው የሚሄደው?» ላለሽ መልሱ «የትም» ነው። መስመር አይጓዝም። ማለቂያ የለውም ማለት የፈለግሽበት ቦታ ብትደርሺ «እዚህ ላይ አበቃ» የምትዪበት ቦታ አታገኚም ማለት ነው። እስኪ ቁጥር ቁጠር በዪው። የመጨረሻው ስንት ነው? ቁጥሮቹ የትም አልሄዱም፤ ግን አያልቁም። ከዚህ በኋላ ዝም ካለ ገብቶታል ማለት ነው። ዝም ካላለ ደግሞ የበለጠ ገብቶታል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጣና ዳር ለሚያድግ ልጅ ብቻ የሚመች ነገር አለና።

ከባሕር ዳር ሆኖ ከሐይቁ ማዶ በሰሜን ያለችው ጎርጎራ የማትታየው ለምንድን ነው? ሰው ሁሉ «ሩቅ ስለሆነ» ይልሻል። ጭጋጉም አለ፣ ዓይንም አቅም አለው። ግን ጭጋጉ ቢገፈፍ፣ ዓይንሽም እንደ ንስር ቢሆን የጎርጎራን ዳርቻ አታዪውም። ግንበኛ ወለል መስተካከሉን የሚያይበትን ዕቃ «ውሃ ልክ» ይለዋል፤ ውሃ አይዋሽም ብሎ። እውነት ነው፣ ውሃ አይዋሽም። ግን ቀጥ ያለም አይደለም። መሬት ድቡልቡል ስለሆነች የጣናም ገጽ አብሯት ይጎብጣል።

አሁን አንድ ፍጹም ቀጥ ያለ መስመር አስቡ። ከአንቺ እግር ሥር ውሃውን ነክቶ ወደ ጎርጎራ ይሂድ። 1 ኪሎ ሜትር ላይ ከውሃው 8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይገኛል። 10 ኪሎ ሜትር ላይ 8 ሜትር ገደማ። ልብ በዪ፣ ርቀቱ 10 እጥፍ ሲሆን ከፍታው 100 እጥፍ ሆነ። ጎርጎራ በአየር ላይ ሲለካ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ይርቃል። እዚያ ሲደርስ መስመሩ ከውሃው በላይ ወደ 400 ሜትር ይጠጋል። መስመሩ አልተነሳም። ውሃው ነው የወረደው።

አንቺ ዳር ላይ ቆመሽ ዓይንሽ ከውሃው 1 ሜትር ተኩል ከፍ ቢል፣ ሰማይና ውሃ የተገናኙ የሚመስሉሽ ቦታ ከ4 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ አይርቅም። ከዚያ ማዶ ያለ ደሴት የሚታይሽ ዛፉና ኮረብታው እንጂ የታችኛው ዳርቻው አይደለም። ከሐይቁ የተስተካከለ ነገር ባሕር ዳር ውስጥ ያለ አይመስልም፤ እሱም ግን ቀጥታ መስመር አልሆነም። ስለዚህ ወንድምሽ «መስመር የት አለ?» ቢልሽ «ጣና ላይ እንኳ የለም፣ በሐሳባችን ነው ያለው» በይው። ይህን ለጓደኞቹ ያውራ። አሁን የሚስቀው ማን እንደሆነ እናያለን።

ወደ አንግል ልምጣ። አንዱ መጽሐፍ ዘዌ፣ ሌላው ማዕዘን ይለዋል፣ ሰፈር ውስጥ አንግል ነው። ሦስቱም አንድ ናቸው። ዓይነቶቹን ይሸምድዳቸው፤ ፈተና ላይ ይመጣሉ፣ ሌላ ምስጢር የላቸውም። ከ90 ዲግሪ ያነሰው ሹል፣ ልክ 90 የሆነው ቀጤ፣ ከ90 በልጦ ከ180 ያነሰው ዝርጥ ነው። 180 ሲሆን ክንዶቹ፣ ማለት አንግሉን የሚሠሩት ሁለቱ መስመሮች፣ ተዘርግተው አንድ መስመር ይሆናሉ።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በማስተማር ዘመኔ ደጋግሞ የገጠመኝ ስህተት አለ። ልጆች ክንዶቹ ሲረዝሙ አንግሉ የሚያድግ ይመስላቸዋል። ዛሬ ማታ ፈትኚው። ደብተር ላይ ሁለት እኩል አንግሎች ሣዪ፤ የአንዱ ክንዶች አጭር፣ የሌላው ረጅም ይሁኑ። «የቱ ይበልጣል?» በዪው። ረጅሙን ካሳየሽ በሽታው እሱ ነው። አንግል የመከፈት መጠን ነው። የርዝመት ጉዳይ አይደለም። የጓዳ በርና የመስኮት መዝጊያ እኩል ገርበብ ካሉ አንግላቸው እኩል ነው፤ በሩ ትልቅ መሆኑ ምንም አይጨምርለትም።

ለዚህ ከሰዓት የተሻለ መምህር አላውቅም፤ ባለቆጣሪውን ማለቴ ነው። የግድግዳ ሰዓትና የእጅ ሰዓት ሁለቱም ልክ 3 ሰዓት ላይ ሲሆኑ የግድግዳው ቆጣሪዎች ረጃጅም ናቸው፣ የእጁ አጫጭር። አንግሉ ግን ሁለቱም ላይ 90 ነው። ሙሉ ዙሩ 360 ዲግሪ ስለሆነ ከአንዱ ቁጥር እስከሚቀጥለው 30 ዲግሪ ይሆናል። 1 ሰዓት ላይ 30፣ 2 ሰዓት ላይ 60 እያለ ይሄዳል። (3 ሰዓት ተኩል ላይ ስንት ነው ብለሽ ጠይቂው። 90 የሚል ብዙ ነው። ግን ትልቁ ቆጣሪ 6 ላይ ሲደርስ ትንሹም 3 እና 4 መሃል ገብቷል። መልሱ 75 ነው።)

አንቺ ደግሞ ሌላው የሌለው ዕድል አለሽ። ሐይቁን ሊያይ የመጣ የውጭ እንግዳ ቡና ሲጠጣ የእጅ ሰዓቱን ተመልከቺ። የእኛ 1 ሰዓት ሲሆን የእሱ 7 ይላል። በእኛ ሰዓት ላይ በቆጣሪዎቹ መሃል ያለው አንግል 30 ነው፣ በእሱ ላይ 150። ደምሪው፤ 180። የእኛ 2 የእሱ 8 ነው፤ 60 እና 120፣ አሁንም 180። የእኛ 4 የእሱ 10፤ 120 እና 60። የፈለግሽውን ሰዓት ውሰጂ፣ ድምሩ አይለወጥም። ለምን? የደቂቃው ቆጣሪ ሁለቱም ሰዓቶች ላይ አንድ ቦታ ነው። በእኛና በእነሱ መካከል ያለው የ6 ሰዓት ልዩነት ደግሞ የዙሩ ግማሽ ነው። ስለዚህ የእኛ የሰዓት ቆጣሪና የእነሱ የሰዓት ቆጣሪ ፊትና ጀርባ ሆነው አንድ ቀጥታ መስመር ይሠራሉ። በአንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት አንግሎች ድምራቸው 180 ነው የሚለው የመጽሐፉ ሕግ ይኸው ነው። እኛ ግን ስንትና ስንት ዓመት ስድስት እየደመርን ስንቀንስ ኖረን አላየነውም።

ለምን 360 ሆነ ካለሽ ከባቢሎናውያን የወረስነው ነው በይው፤ እነሱ የሚቆጥሩት በ60 ነበር። ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ5፣ ለ6፣ ለ8፣ ለ9፣ ለ10፣ ለ12 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል እስካሁን የተወው የለም። የእኛም 12 ወር በ30 ቀን ሲባዛ 360 ነው፤ ጳጉሜን ብቻ ናት የምትተርፈው።

አንግል መለኪያው፣ ፕሮትራክተር የሚባለው፣ ከሌለው አያልቅስ። ከአሮጌ ደብተር አንድ ወረቀት በእጁ ቀዶ ያውጣ፤ ጠርዙ የተንጨባረረ ይሁን። አንዴ ይጠፈው። የታጠፈበት ቀጥታ መስመር ሆነ፤ ማስመሪያ አልነካም። አሁን ያንኑ እጥፋት በራሱ ላይ አስተካክሎ ደግሞ ይጠፈው። የወጣው ጥግ ልክ 90 ዲግሪ ነው። አንዴ ቢጨምር 45 ያገኛል። ከጠርዙ ቡትርትር ካለ ወረቀት ቀጤ አንግል መውጣቱ እኔን እስከዛሬ ይገርመኛል። ያን ጥግ ይዞ ይዙር፤ በሩን፣ መስኮቱን፣ ረከቦቱን ይለካ። ግድግዳችሁ ቀጤ ካልሆነ ለአከራዩ አትንገሩ።

ሩቅ ላለ ነገር ደግሞ ጡጫው ይበቃዋል። ክንዱን ሙሉ በሙሉ ዘርግቶ ጡጫውን በአንድ ዓይኑ ቢያየው የሚከልለው 10 ዲግሪ ያህል ነው። ትንሿ ጣት ደግሞ 1 ዲግሪ ገደማ ናት። እጁ ትንሽ ነው እንዳትዪ፤ ክንዱም አጭር ነው፣ ይካካሳል። የክብራንና የእንጦስ ደሴቶች ከምትቀመጡበት ከታዩ በመሃላቸው ስንት ጡጫ፣ ስንት ጣት እንዳለ ይቁጠር። ዳር ዳሩን ሌላ ቦታ ሄዶ እንደገና ይቁጠር። ደሴቶቹ አልተነቃነቁም፣ አንግሉ ግን ይለወጣል። አንድ እሑድ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ወደተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ይዘሽው ውጪ። 380 ሜትሩን እየሄዳችሁ፣ ከምሰሶዎቹ የወረዱት ገመዶች ከመንገዱ ጋር የሚሠሩትን አንግል ይይ። ሁሉም እኩል ነው ወይስ ይለያያል? ራሱ ይፍረድ። አንቺ መልሱን እንዳትነግሪው።

ከዚህ ሁሉ ግን ለወንድምሽ ዓይነት ልጅ የሚበጀው የምነግርሽ ይህ ነው። ሁለት እርሳሶች አንዱን በሌላው ላይ አጋድመሽ አቋርጫቸው። አራት አንግሎች ይወጣሉ። አንዱን ይለካ። 50 ሆነ እንበል። ሌሎቹን እንዳይለካ ከልክዪውና ጠይቂው። «ከ50ው ጎን ያለው ስንት ነው?» ሁለቱ አንድ እርሳስ ላይ ጎን ለጎን ናቸው፣ ድምራቸው 180 መሆን አለበት። ስለዚህ 130። «ከ130ው ወዲያ ያለውስ?» እሱም ከ130ው ጋር ሌላኛው እርሳስ ላይ ነው። ስለዚህ 50። እንግዲህ ፊት ለፊት የሚተያዩት ሁለቱ እኩል ሆነው ተገኙ። ማንም አልለካቸውም።

«50 ባይሆንስ?» ይልሻል፤ አውቀዋለሁ ይህን ዓይነት ልጅ። ይሞክረው። 20 ያድርገው፣ 71 ያድርገው። ምንም ቢያደርግ ፊት ለፊት ያሉት እኩል ይወጣሉ፤ ሁለቱም ከአንድ ጎረቤት ጋር ነው 180 የሚሞሉት። ዩክሊድ በጂኦሜትሪ መጽሐፉ የመጀመሪያ ክፍል፣ 15ኛው ሐሳብ ላይ ያረጋገጠው ይህንን ነው። ወንድምሽ እዚህ ላይ አንድ ነገር ያያል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። «መጽሐፉ ስላለ ነው» ያለው ሰው የለም። ለምን ብሎ ጠየቀ፣ ጂኦሜትሪው መለሰለት። ልጁ የተቀየመው ለምን ማለት የተከለከለበት መስሎት ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ለምን የሚል ሰው እንደ ጂኦሜትሪ የሚመቸው ትምህርት የለም።

ወደ ዕቁቡ ልመለስ። አስጠኚ አሁን አትቅጠሪ። አስጠኚ የሚጠቅመው ላልገባው ልጅ ነው፤ የአንቺው ልጅ አኩርፏል። ለኩርፊያ አስጠኚ ብታመጪለት ቅጣት ነው የሚመስለው። አንድ ወር ከላይ ያልኩሽን ሞክሩ። ካልሆነ ያን ጊዜ ፈልጊ፤ ስትፈልጊም ጥያቄ የሚታገስ ሰው ፈልጊ። ገንዘቡን እስከዚያ ማስመሪያ፣ ኮምፓስና ፕሮትራክተር አንድ ላይ ለሚሸጥበት ሳጥን አውጪው።

የቤት ሥራ መገልበጡን ግን ዝም አትበይው። አሥር ጥያቄ ከሚገለብጥ ሦስት ራሱ ሠርቶ ሁለቱን ይሳሳት። ሆዴን አመመኝ ማለቱንም እይው። ቅዳሜና እሑድም የሚያመው ከሆነ ጂኦሜትሪ አይደለም፣ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።

መምህሩን ደግሞ ሄደሽ አነጋግሪ። ብቻሽን ሂጂ። «ለምን አሣቃችሁበት» ብለሽ አትጀምሪ፤ መምህር ሲወቀስ በሩን ነው የሚዘጋው፣ ከራሴ አውቀዋለሁ። «ወንድሜ ጥያቄ ያበዛል፣ ክፍል እንዳይረብሽ ደወል ከተደወለ በኋላ ቢጠይቅዎት ይፈቅዱለታል?» በያቸው። እሺ የማይል መምህር ብዙም አላጋጠመኝም።

የመጨረሻው ለልጁ ነው፤ አንብቢለት።

ከእናንተ አጠገብ ከጣና የሚወጣው ዓባይ ብዙ አገር አቆራርጦ ግብፅ ሲገባ የሚያገኛት ትልቅ ከተማ አስዋን ናት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን ኤራቶስቴንስ የሚባል የእስክንድርያ ሊቅ፣ በዓመት አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ አስዋን ውስጥ ፀሐይ ከጉድጓድ ውሃ ታች ድረስ እንደምትገባ ሰማ። አናት ላይ ናት ማለት ነው፤ ጥላ የለም። በዚያው ቀን እስክንድርያ ውስጥ ግን የቆመ ነገር ጥላ ነበረው። ለካው። ጨረሩ ከቆመው ነገር ጋር የሚሠራው አንግል የሙሉ ዙር 50ኛ፣ ማለት 7.2 ዲግሪ ሆነ። የፀሐይ ጨረሮች ትይዩ ናቸው፣ ማለት ጎን ለጎን ሄደው አይገናኙም፣ ብሎ አሰበ። ትይዩ ከሆኑ ይህ አንግል፣ ከሁለቱ ከተሞች ወደ መሬት መሃል በሚወርዱ መስመሮች መካከል ካለው አንግል ጋር እኩል ነው። ስለዚህ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 50 ጊዜ ቢደገም መሬትን ይዞራል። በነጥብ፣ በመስመርና በአንድ አንግል መሬትን ለካት።

ባሕር ዳርም እንዲህ ያለ ቀን አላት፤ ያውም በዓመት ሁለት። አንዱ ነሐሴ 16 ገደማ ነው፣ ክረምት ስለሆነ ደመናው አያሳይህም። ሌላው ሚያዝያ 12 ገደማ ነው። ያን ቀን ቀጥ ያለ እንጨት ይዘህ እህትህ ጋ ውረድ። በቱንቢ አስተካክለህ አቁመው፤ ክር ላይ ጠጠር ብታስር ቱንቢ ይሆንልሃል። ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምረህ በየአምስት ደቂቃው የጥላው ጫፍ ያረፈበት ላይ ነጥብ አድርግ። ልክ 6 ሰዓት ላይ ይጠፋል ብለህ አትጠብቅ፣ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው የሚሆነው። የአገሪቱ ሰዓት የተቀመረው ከባሕር ዳር በስተምሥራቅ ላለ ቦታ ስለሆነ ፀሐይ አንተ ጋ ዘግይታ ነው አናት ላይ የምትደርሰው።

ጥላው ስንት ሰዓት ላይ እንዳለቀ፣ ነጥቦቹም ምን ዓይነት መስመር እንደሠሩ ጽፈህ ላክልኝ። እህትህ አትጻፍልህ።